ለሼቬሏ የኋላ ሚዛን ብረት

ሃርመን ፎልስ፣ ሚሺጋን
ሐሙስ፣ ጁን 14 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

ውድ ልጄ ኔል፣

ይህ ደብዳቤ ባሕር ማዶ በርገን ከተማ ሲደርስ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጥቶሽ፣ የምትጠግኛቸው የጀልባ ሞተሮችም አደብ ገዝተው እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው፤ የእጅ ጽሑፌ ከወትሮው ቢከፋብሽ ምክንያቱ ዕድሜ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ያናደደኝ አንድ ብረት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዳኝነት ወንበር ላይ ስቀመጥ የመሬት ድንበርም፣ የልጅ አሳዳጊነትም፣ አንድ ጊዜም የሰው ነፍስ ጉዳይ ቀርቦልኛል። ሁሉንም ሰምቼ፣ ቀን ቆርጬ፣ ወስኛለሁ። አሁን ግን ከአንዲት አሮጌ መኪና ሆድ ሥር የሚገባ የታጠፈ ብረት መምረጥ አቅቶኝ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ በካታሎግ ተሸፍኖ ቁርሴን የምበላው ቆሜ ነው።

መኪናዋን ታውቂያታለሽ። አረንጓዴዋ የ1970 ሼቬል ከዚያ ኦክቶበር ጀምሮ ጎተራው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ባለፈው ኤፕሪል የጎተራው ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና ማውጣት ግድ ሆነብኝ፤ ካወጣኋት ደግሞ ማሠራት ግድ ሆነ። ምክንያቴ ይኸው ነው። ዌንደል ይህን ስነግረው «ጣሪያ ማስጠገን ይቀልህ ነበር» አለኝ። ዌንደል እንደምታውቂው ዛሬም ዌንደል ነው። ከአውቶቡስ ነጂነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣል። ጋራዡን አሁን የያዘው የድሮ አለቃሽ የመርል ልጅ ሎኒ ፕሩት ነው። መርል ባለፈው ዓመት አርፏል፤ ጽፌልሽ እንደሆነ አላስታውስም።

ሌላም ወሬ አለ። አውራጃው አዲሱን የችሎት አዳራሽ በስሜ ሊሰይመው ነው፤ በዓሉ ለሴፕቴምበር ተቀጥሯል። ሰሌዳውን አሳይተውኛል፤ ነሐስ ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ስለ ሚዛን ብረት ለአንቺ ማስረዳት ድፍረት ነው። ቢሆንም በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እንድታርሚኝ የተረዳሁትን እጽፋለሁ። መኪናዋ ስትታጠፍ ገላዋ ወደ ውጭ ይጋደላል። ብረቱ የኋላ ጎማዎቹን የያዙትን ሁለት ክንዶች አገናኝቶ፣ ራሱ እየተጠመዘዘ፣ መጋደሏን ይከለክላል። ሲቀጥን እንደ ጀልባ ትንገዋለላለች። የፊቱ ብረት ቀጭን ሆኖ የኋላው ብቻ ሲወፍር ደግሞ የኋላ ጎማዎቿ ቀድመው መሬቱን ይለቃሉ፤ በተለይ በእርጥብ መንገድ። ያኔ ጅራቷ ይወጣል።

እንግዲህ በፊቴ ያሉት ሦስት ናቸው። አንደኛው ከፋብሪካ ይወጣ እንደነበረው ያለ ድፍን ብረት ነው፤ ውፍረቱ ሰባት ስምንተኛ ኢንች። ሁለተኛው አንድ ኢንች ከሩብ የሚወፍር፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ። ሦስተኛው ውስጡ ክፍት ሆኖ ከሻንሲው ጋር የሚታሰር ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ጥንካሬው በቀዳዳው ይስተካከላል ይላሉ። ሦስቱም ካታሎጎች መኪናዬ በሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር እንደምትታጠፍ ይምላሉ። ሦስት ምስክሮች በአንድ ቃል ሲናገሩ ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል።

ለአንዱ ሻጭ ስልክ ደወልኩ። ድምፁ የወጣት ነው።

«ለውድድር ነው ለመንገድ?» አለኝ።

«ለቤተ ክርስቲያን» አልኩት።

አለቃውን እስኪጠይቅ ብሎ ሙዚቃ ከፈተልኝ። ሃያ ደቂቃ ካዳመጥኩ በኋላ ዘጋሁት።

ሰኞ ዕለት ካታሎጎቹን ሁሉ ተሸክሜ ጋራዥ ገባሁ። ዌንደል ገና ሳልቀመጥ ጀመረ።

«ቨርሊን፣ ወፍራሙን ግዛና ገላግለን። በዚህ ዕድሜህ ቀጭን ነገር ምን ይሠራልሃል?»

«አንተ ደግሞ» አለው ሎኒ ራሱን ከኮፈን ሥር ሳያወጣ፣ «አርባ ዓመት የነዳኸው አውቶቡስ ነው። አውቶቡስ ሲታጠፍ ይጋደላል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ አለቀ። ስለ ሚዛን ብረት ምን አገባህ?»

«አንድም ልጅ ከወንበሩ ወድቆብኝ አያውቅም!»

«አንተን ፈርተው ተጣብቀው ነዋ የሚቀመጡት።»

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው ሲሰድበኝ እያዩ ዝም ይላሉ?» አለ ዌንደል ወደ እኔ ዞሮ። ክቡር የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ብቻ ነው።

«ማስረጃ አላቀረብክም» አልኩት።

ሎኒ እጁን እየጠረገ መጣና ካታሎጎቹን አገላበጠ። ሦስቱንም ገፆች አየ፤ አንዱንም አላመሰገነም። መጀመሪያ የመኪናዋን ሆድ ማየት እንዳለበት፣ አሁን ያላት ብረት በምን እንደታሰረ ሳያውቅ አፉን እንደማይከፍት ነገረኝ። «የድሮው ብረት የመጣበት ሳጥን ካለዎት ነገ ይዘውልኝ ይምጡ» አለ። «ትርፍ ዕቃ ቀርቶበት ይሆናል።»

ሳጥኑ ነበረኝ። ጎተራው ውስጥ ከመሰላሉ ጀርባ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። ምን እንደተጻፈበት ረስቼ ነበር ብልሽ ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁም። ማክሰኞ ጠዋት ግን በብብቴ ይዤው ሄድኩ።

ሎኒ ሼቬሏን በማንሻው ወደ ላይ አነሳትና በባትሪ መብራት ከሥሯ ገባ። ብዙ ቆየ።

«ክቡር ዳኛ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። «ይህን የታችኛውን ክንድ ያዩታል? ከሥሩ ክፍት ነው፣ እንደ ቦይ። ብሎኑ ሲጠብቅ እንዳይጨፈለቅ መሃሉ ላይ አጭር ቱቦ ይገባበታል። እዚህ ቱቦ የሚባል የለም። የገጠመው ሰው ዝም ብሎ አጥብቆ፣ አጥብቆ፣ እንደ ቢራ ቆርቆሮ ጨፍልቆታል። ያውም ኢንች ከሩብ ብረት! ፊት ለፊቷ ደግሞ ያው የፋብሪካው ቀጭን ነው። ምን ዓይነት ደደብ ነው ይህን…»

አቋረጠ። ፊቱ ቀላ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «የኔል ሥራ መሆኑን ረስቼ ነው።»

«ልጅ ነበረች» አለ ዌንደል ከወንበሩ። «ስንጀምር ያላበላሸ ማን አለ?»

እኔ ዝም አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ዝምታ ስለሆነ መምጣት አላስቸገረውም። ሳጥኑን ግን ለሎኒ ዘረጋሁለት።

ከሳጥኑ ሥር ተለጥፋ የቀረች ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አወጣ። አራቱ ቱቦዎች ውስጧ አሉ፤ ከረጢቷ አልተከፈተችም። ከዚያ ክዳኑን ዘጋና በላዩ ላይ ያለውን ቢጫ ማሸጊያ አየ። የአንቺ ጽሑፍ ነው፤ በወፍራም ጥቁር ብዕር የተጻፈ። ጮክ ብሎ አነበበው።

«አባዬ፣ የፊቱ ወፍራም ብረት ሳይመጣ ይህ እንዳይገጠም። ጅራቷ ይወጣል። ሰኞ እመለሳለሁ። ኔል።»

«እንዴ!» አለ ሎኒ። «እንዳይገጠም ብላ ጽፋ ራሷ ገጠመችው?»

«ሴት ልጅ እኮ ሐሳቧን…» ብሎ ዌንደል ሊቀጥል ሲል፣

«ዌንደል፣ ዝም በል» አለው ሎኒ። እኔን እያየኝ ነበር።

«የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከጓሮ ይሠራ የነበረው የአየር መጭመቂያ ጠፋ።

«አባቴ ያሰናበታት በዚህ ነገር ነው» አለ ሎኒ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ያን ጊዜም ያውቁ ነበር?»

«ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

ዌንደል ቆቡን አነሳ፤ ወንበሩን አጠፈ። ስልሳ ዓመት ሳውቀው ቀልድ ሳይናገር ከአንድ ቤት ሲወጣ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

ኔል፣ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ይሁን እንጂ ከእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂምና በሥርዓቱ ልጻፈው። አንቺ ለሥልጠና ግራንድ ራፒድስ ነበርሽ። ብረቱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ከሁሉ የወፈረውን። የፊቱ እስኪመጣ ጠብቅ ስትዪኝ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ትእዛዝ እንደሰጠችኝ ቆጠርኩት። ቅዳሜ ዕለት ሼቬሏን በክሪክ አንስቼ፣ ማስታወሻሽን አንብቤ፣ ሳጥኑን ገልብጬ፣ ገጠምኩት። ሲያልቅ ኮርቼ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እናትሽ ወደ እህቷ ልትሄድ ቁልፉን ስትጠይቀኝ «ዛሬ ልዩነቱን ታያለሽ» አልኳት።

ዝናብ ነበር፤ መንገዱም ቅጠል ለብሷል። በእህል መጋዘኑ ኩርባ ላይ ጅራቷ ወጣ።

ምክትል ሸሪፉ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ መኪናዋን በቅርቡ የነካት ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። እኔም «ይህችን መኪና የምትሠራት ልጄ ናት» አልኩት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ ተደምሮ ግን ውሸት ነው። አንድ ምስክር በችሎቴ እንዲህ ቢመልስልኝ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አስቆመው ነበር። ለዳኝነቱ ወንበር የምወዳደርበት ምርጫ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይህን እንደ ማቅለያ አላቀርበውም፤ እንደ ምክንያት ግን መዝግቢው።

እናትሽ የቀኝ እጇ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተኝታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ኔል የምትመለሰው መቼ ነው?»

«ነገ» አልኳት።

«ነገ» ብላ ደገመችውና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ በኖረችበት ስምንት ዓመት ስለ መኪናዋ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ኦርጋን ዳግም አልነካችም። አንቺ ሳትኖሪ ብረቱን ማን እንደገጠመው ያን ጊዜ እንዳልገባት አድርጌ ያዝኩት። የሚያስፈልገኝ ያ ስለነበረ ነው።

አንቺ ሰኞ ስትመጪ መጀመሪያ የገባሽው ጎተራ ነበር። እጅሽን ሳትታጠቢ ገበታ ላይ ተቀመጥሽና ለረጅም ጊዜ አየሽኝ። እንድናገር ጠበቅሽኝ። እኔ ጨው አቀብይኝ አልኩሽ።

አቀበልሽኝ።

ከዚያ መርል አሰናበተሽ። ከዚያ በከተማው ውስጥ የገዛ እናቷን መኪና ያበላሸች ለተባለች ልጅ ቁልፉን የሚሰጥ ሰው ጠፋ። በጸደይ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትሄጂ «ራስሽን ጠብቂ» አልኩሽ። ለእናትሽ ቀብር መጥተሽ ሁለት ቀን ስታድሪም ስለ አየሩ ተነጋገርን። በየገና የምትልኪያቸው ካርዶች «ሁሉ ደህና ነው» ይላሉ። ሁሉንም አስቀምጫቸዋለሁ። ደህና አለመሆኑን ግን አውቃለሁ።

ማክሰኞ ወደ መውጫው ሳመራ ስለ ብረቱ ሎኒን መጠየቄን አልተውኩም፤ ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም፣ ምናልባት የምለው ነገር ጠፍቶኝ ይሆናል።

«የቱን ልዘዝ ታዲያ?»

«እኔ አልመርጥልዎትም» አለኝ። «ይህች መኪና ምን እንደምትፈልግ የሚያውቅ ሰው ነበረን፤ አባረርነው። እሷን ይጠይቋት።»

«ባትመልስልኝስ?»

«ያኔ ያለ ብረት ትቆማለች። የግራው የመኪና ማንሻ የማንም የሥራ ቦታ አይደለም፤ ስፈልገው እጠቀምበታለሁ፣ እሷ ስትመጣ ግን የሷ ነው። ይህንንም ይጻፉላት።»

ይኸው ጻፍኩልሽ።

የሳምንታዊውን ጋዜጣ አዘጋጅ ትናንት ሄጄ አነጋገርኳትና በፊርማዬ አንድ ጽሑፍ ሰጠኋት። ማን እንደገጠመው፣ ማን እንዳይገጠም ብሎ እንደጻፈ፣ ለምክትል ሸሪፉ ምን እንደመለስኩ ሁሉም አለበት። የሚቀጥለው ረቡዕ ይወጣል። ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ክቡር ዳኛ፣ የሴፕቴምበሩ በዓልስ?» አለችኝ። «ሰሌዳው ነሐስ ነው፣ ይቀልጣል» አልኳት። አልሳቀችም። ይህን ያደረግሁት ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት መሆኑን ልብ እንድትዪልኝ እፈልጋለሁ። መልስሽን የማገኝበት መደራደሪያ እንዲሆን አልፈለግሁም። ባትመልሺልኝም ረቡዕ ረቡዕ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሳሁበት ልመለስ። ሎኒ የተጨፈለቁትን ሁለት ክንዶች አውጥቶ፣ ከሥራቸው የተዘጉ ጠንካራ ክንዶች አስገብቷል፤ የፊቱም ወፍራም ብረት ታዟል፤ ያ አያከራክርም፣ አንቺ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ወስነሽዋል። የቀረው የኋላው ነው። ሰባት ስምንተኛው? ቀዩ? ባለ ሦስት ቀዳዳው? ካታሎጎቹን ዛሬ ጠዋት ከጠረጴዛው ላይ አነሳኋቸው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስቱንም ገፆች ቀድጄ አስገብቻለሁ። እኔ ከእንግዲህ አልመርጥም። ተናድጄም አይደለም፤ ወይም ተናድጄ ነው፣ ግን በብረቶቹ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአዲሶቹ ክንዶች ብሎኖች በእጅ ብቻ ገብተዋል፤ አልጠበቁም። ሎኒ እንደነገረኝ መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ በክንዶቹ ጫፍ ያሉት የጎማ ቦኮላዎች ተጠምዝዘው ይቀራሉ። መጥበቅ ያለባቸው በአራት ጎማዋ ቆማ፣ ነጂው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ክብደቱ በቦታው ሲሆን ነው። እኔ ያን ቅዳሜ ይህንንም አላወቅሁም ነበር። አንቺ ግን በአሥራ አንድ ዓመትሽ ታውቂው ነበር። መርል ከሥር እየሠራ፣ አንቺ በእኔ ቦታ መሪውን ይዘሽ ትቀመጪ ነበር፤ ክብደትሽ ስለማይበቃ ሁለት ከረጢት የወፍ እህል ጭንሽ ላይ እንጭንብሽ ነበር። «እንዳትነቃነቂ» እልሽ ነበር። አትነቃነቂም ነበር።

አሁን ተራው የእኔ ነው። አንቺ ከሥር ግቢ፤ እኔ እቀመጣለሁ። የፈለግሽውን ያህል ጊዜ ውሰጂ። አልነቃነቅም።

እግዚአብሔር በባሕሩም በየብሱም ይጠብቅሽ፤ እጆችሽን ይባርክልሽ። ሁልጊዜም የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

አባትሽ፣
ቨርሊን ሁክስትራ

ለስሌትሽ ከጠቀመሽ፦ ክብደቴ አሁን መቶ አርባ ስድስት ፓውንድ ነው። ካየሽኝ ወዲህ ቀንሻለሁ፤ ሐኪሙም ገና ይቀንሳል ይላል። የወፍ እህሉን ገዝቻለሁ።